«እኔ ተመርምሬ ነው የምበላው፣ እነሱስ?» የዌልፌርና የድራግ ቴስት ነገር

ትራክ የሚነዳ ጓደኛ የሌለው የአሜሪካ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። የእኔው ሰኞ ከቨርጂኒያ ይነሳል፣ ሐሙስ ከቴክሳስ ይደውላል፣ እሑድ ቡናው ላይ አይጠፋም። ባለፈው እሑድ ወሬው ዞሮ ዞሮ መንግሥት ለድሃ የሚሰጠው እርዳታ፣ ዌልፌር ላይ ደረሰ። «እኔ እንጀራዬን ለመብላት ለዕፅ ምርመራ ኩባያ ውስጥ እሸናለሁ» አለ። «በእኔ ታክስ የሚበላውስ ለምንድን ነው የማይሸናው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንድ ጋሼማ «አፍህ ቁርጥ ይበል!» አሉት። ሳቁ ሲበርድም ብዙው ሰው ከእሱ ጋር ነበር።

እኔ ዝም አልኩ። ጥያቄው ሲሰሙት ልክ ይመስላላ። ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር በኢሜይልና በፌስቡክ ከ10 ዓመት በላይ ሲዞር የኖረ ጥያቄ ነው። ወደ 15 የሚጠጉ ግዛቶች ሕግ አውጥተውበታል። ሕጉ ወጥቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ውጤቱም ተቆጥሮ ተቀምጧል። ስለዚህ ቡና ላይ መገመት አያስፈልገንም። ቤቴ ስገባ ቁጥሮቹን አወጣኋቸው።

ቅድሚያ ግን የትኛው ገንዘብ እንደሆነ እንለይ። እኛ «ዌልፌር» ስንል ሁሉንም አንድ ማሰሮ ውስጥ እንከታለን። ፉድ ስታምፑም (የምግብ እርዳታው)፣ ሜዲኬይዱም (የድሃው የሕክምና መድን)፣ የቤት ኪራይ ድጎማውም ዌልፌር ነው። የምርመራው ሕግ በዋናነት የሚነካው ግን ከእነዚህ ሁሉ ትንሿን ነው፤ ልጅ ላላቸው ድሃ ቤተሰቦች በየወሩ የሚሰጠውን ጥሬ ገንዘብ። ምኅጻሩ ታንፍ ይባላል።

ታንፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በጥቅል ይሰጣል፣ ግዛቶቹ በራሳቸው ደንብ ያከፋፍላሉ። ገንዘቡ ያኔ ከተቆረጠ ወዲህ የኑሮ ውድነትን ተከትሎ አላደገም። አንድ አዋቂ ሰው ከፌዴራሉ ገንዘብ በዕድሜው ሙሉ ከ60 ወር በላይ አይረዳም። በዚያው ሕግ ውስጥ አንዲት አጭር አንቀጽ ተሸጉጣ ነበር፤ ግዛቶች ከፈለጉ ተረጂዎችን ለአደንዛዥ ዕፅ መመርመር ይችላሉ የምትል። የዛሬው ክርክር ሁሉ የሚነሳው ከእሷ ነው።

ሕጉ ሌላም ጉድ ነበረው። በዕፅ ጉዳይ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ዕድሜ ልኩን ከታንፍና ከፉድ ስታምፕ ይታገዳል፣ ግዛቱ ካላነሳለት በቀር። ነፍስ አጥፍቶ ፍርዱን የጨረሰ ሰው ግን እንዲህ ያለ እገዳ የለበትም። አብዛኞቹ ግዛቶች ኋላ ላይ ይህን አላልተውታል። እስከዚያ ድረስ ግን ስንቱ ከእስር ወጥቶ የሚበላው እንዳጣ አስቡት።

ለእኛም ሰው የተጻፈ አለበት። ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው፣ ዲቪ የደረሰውም ጭምር፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት ታንፍ አያገኝም። በስደተኝነት የመጣው ከዚህ ነፃ ነበር። ስለዚህ አንዳንዴ «የእኛ ልጆች እንደመጡ ዌልፌር ላይ ይጣበቃሉ» የሚል ሐሜት ስሰማ ይገርመኛል። ብዙዎቹ ሰልፉ ውስጥ መግባትም አልተፈቀደላቸውም።

የገንዘቡን መጠንም እንወቅ። ፍሎሪዳ ለ3 ሰው ቤተሰብ የምትሰጠው ከፍተኛው በወር 303 ዶላር ነው። ሚሲሲፒ እስከ 2021 ድረስ 170 ዶላር ነበር የምትሰጠው። ለወር። ለ3 ሰው። በ1996 ድሃ ሆነው ልጅ ከሚያሳድጉ 100 ቤተሰቦች ውስጥ 68ቱ ይህን እርዳታ ያገኙ ነበር። በ2020 የሚያገኙት 21 ብቻ ናቸው። ጓደኛዬ በታክሴ ይንደላቀቃል የሚለው ሰው የዚህ ገንዘብ ተረጂ ከሆነ፣ መንደላቀቁ ይህችው ናት።

አሁን ወደ ፍሎሪዳ እንሂድ፤ ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

በ2011 ገዥ የሆኑት ሪክ ስኮት ለዌልፌር የሚያመለክት ሁሉ ይመርመር የሚል ሕግ አስወጡ። «ሁሉ» ሲባል በእውነት ሁሉ ነው። የተጠረጠረ፣ ያልተጠረጠረ የሚባል የለም። ክርክራቸው ዌልፌር የሚወስዱ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ዕፅ ይጠቀማሉ የሚል ነበር። ሕጉ ጁላይ 1 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። አመልካቹ መጀመሪያ የምርመራውን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል፤ ከ25 እስከ 45 ዶላር ገደማ። ንጹሕ ከሆነ ገንዘቡ ይመለስለታል። ካልሆነ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። የልጆቹን ድርሻ ሌላ የታመነ ሰው ሊቀበልላቸው ይችላል።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ሰውዬው የመጣው ገንዘብ ስለሌለው ነው። የሌለውን ገንዘብ ለማግኘት መጀመሪያ 40 ዶላር ያምጣ ይባላል።

ምርመራው 4 ወር ገደማ ቆየ። 4,046 ሰው ተመረመረ። 108 ሰው ወደቀ። ከ100 ሰው 3 እንኳ አልሞላም። ከወደቁትም አብዛኞቹ የተገኘባቸው ማሪዋና ነው። ላለፉት ሰዎች ግዛቲቱ 118,140 ዶላር መለሰች። «ፈተናውን ፈርተው የቀሩት አይቆጠሩም ወይ?» የሚል አለ። ደጋፊዎቹ ዛሬም የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የግዛቲቱ የራሷ መሥሪያ ቤት ያኔ ሲጠየቅ፣ ምርመራው በተረጂው ቁጥር ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየውም። ለነገሩ ፍሎሪዳ ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብላ በጥቂት አካባቢዎች ሞክራው ነበር። ያኔም የተገኘው ከ100 ሰው 5 ገደማ ነው። ሙከራውን ያጠኑት ሰዎች አይስፋፋ ብለው ነበር የደመደሙት። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ነበር። የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

በዚያው ሰሞን አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ገዥው በሚሰጡት መግለጫ ላይ ተገኘ። የሽንት ኩባያ አወጣና «እርስዎም በታክስ ነው የሚከፈልዎት፤ እስቲ ይሙሉልን» አይነት ጥያቄ አቀረበ። ኩባያው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ገዥው ተላከ። ገዥው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ቪዲዮውን ያየሁ ጊዜ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ስንመጣ ታዩታላችሁ።

ሕጉን የከሰሰው ሰው የባሕር ኃይል አባል የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ፣ አካል ጉዳተኛ እናቱንም የሚንከባከብ አባት ነው። መስፈርቱን ሁሉ ያሟላል። አልመረመርም አለ። ኦክቶበር 2011 ላይ የፌዴራል ዳኛዋ ሜሪ ስክሪቨን ሕጉን አገዱት። በ2013 የመጨረሻ ቀን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ይግባኙም በዲሴምበር 2014 በሦስት ዳኞች ተሰምቶ ያው ሆነ። ግዛቲቱ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳትሄድ ቀረች።

የዳኞቹ አካሄድ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 4ኛው ማሻሻያ መንግሥት ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰውን መፈተሽ አይችልም ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ1989 ሽንት መውሰድም ፍተሻ ነው ብሏል። ቤትህን መበርበርና ሽንትህን መበርበር በሕግ ዓይን ዝምድና አላቸው። ልዩ ሁኔታ ግን አለ። የባቡር ሠራተኛው ሰክሮ ቢሠራ ሰው ያልቃል። መሣሪያ የሚይዘው የጉምሩክ መኮንን ቢደነዝዝ አደጋ ነው። ለእነዚህ ያለ ጥርጣሬም መመርመር ተፈቅዷል። ለልጆቿ ወተት መግዣ 300 ዶላር የምትጠይቅ እናት ከባቡር ሾፌር ጋር ምን ያመሳስላታል? ፍሎሪዳ ይህን ማስረዳት አልቻለችም። ድሃ ሰው ከሌላው በላይ ዕፅ ይጠቀማል የሚለውንም ማስረጃ አቅርቢ ስትባል፣ ያቀረበችው ዳኞቹን አላሳመነም።

ኮሜዲያኑ እዚህ ላይ ይመለሳል። ጆርጂያ ውስጥ ለምርጫ የሚወዳደሩ ፖለቲከኞች የዕፅ ምርመራ እንዲያደርጉ የሚያዝ ሕግ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ከሰሱ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ሕጉን ሻረው፤ ሰዎቹ በተለየ የሚጠረጠሩበት ነገር አልታየም ብሎ። ለፖለቲከኛ የተሰጠ ከለላ ለድሃዋ እናትም መድረስ አለበት የሚለው ክርክር ከዚያ ፍርድ ነው የሚነሳው። ከሚልዋኪ የተመረጡት የኮንግረስ አባሏ ግዌን ሙር ደግሞ በ2016 ነገሩን ወደ ላይ አዞሩት። ከ150,000 ዶላር በላይ የታክስ ቅናሽ ዘርዝሮ የሚጠይቅ ሀብታም ይመርመር የሚል ረቂቅ አቀረቡ። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ዌልፌር ወስደው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ረቂቁ የትም አልደረሰም። እንደማይደርስም ያውቁ ነበር።

ከፍሎሪዳ በፊት ሚሺጋን በ1999 ሞክራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍርድ ቤት አስቁሟታል። ከፍሎሪዳ በኋላ የመጡት ብልጥ ሆኑ። «ሁሉንም» ማለት ትተው «የተጠረጠረውን» ማለት ጀመሩ። ጥርጣሬው ከየት ይመጣል? ከመጠይቅ ቅጽ። አመልካቹ ቅጽ ይሰጠዋል፤ ዕፅ ተጠቅመህ ታውቃለህ ወይ አይነት ጥያቄ አለበት። አዎ ያለው ወደ ምርመራ ይላካል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ቴነሲ በ2014 በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከ16,000 በላይ አመልካች በቅጹ አሳለፈች። ምርመራውን የወደቀው 37 ሰው ነው። ዩታ በመጀመሪያው ዓመቷ ከ30,000 ዶላር በላይ አውጥታ 12 ሰው አገኘች። ሚዙሪ በ2014 ወደ 39,000 ከሚጠጋ አመልካች 48 ሰው አገኘች፤ ያወጣችው 336,297 ዶላር ነው። በካልኩሌተር ሳካፍለው ለአንድ ሰው 7,000 ዶላር መጣ። የጠፋ 50 ሣንቲም ለመፈለግ የ10 ብር ሻማ ማቃጠል ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። ዕፅ የሚጠቀም ተረጂ የለም አላልኩም። ስም ሳይጠየቅ በሚደረጉ ጥናቶች በተረጂዎች መካከል ያለው ተጠቃሚ ከሌላው ሕዝብ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ታዲያ ምርመራው ለምን አያገኛቸውም?

አንደኛ፣ ቅጹ ላይ ማን ነው እውነቱን የሚጽፈው? «ዕፅ ትጠቀሚያለሽ?» ተብላ «አዎ» ብትል ገንዘቡ እንደሚቀርባት የምታውቅ እናት ምን ትመልስ? ሁለተኛው ግን ይበልጥ ይገርማል፤ የሽንት ምርመራው ራሱ ነው። ኮኬይንና ሄሮይን ከሽንት ውስጥ በ2፣ በ3 ቀን ይጠፋሉ። ማሪዋና ግን ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ላይ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ምርመራው ክፉውን ለቆ ቀላሉን ይይዛል። ሰውን የሚገድለው ያመልጣል፤ ዛሬ በ24 ግዛቶች ለአዋቂ ሰው የተፈቀደው ማሪዋና ይያዛል። ቤት የሚያፈርሰው አልኮልማ ከነጭራሹ አይፈለግም። ደግሞ ምርመራው ሱስና አንድ ቀን መቅመስን አይለይም። ሠርግ ላይ አንዴ የቀመሰና በየቀኑ የሚወጋ ሰው ወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው።

ወደ ሚሲሲፒ ልውሰዳችሁ። ይህን ታሪክ ሳነብ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት።

ሚሲሲፒ በ2014 የዌልፌር ምርመራ ሕግ አወጣች። በመጀመሪያዎቹ ወራት 3,656 ሰው አመለከተ። ቅጹ 38 ሰው ጠቆመ። ምርመራውን የወደቁት 2 ናቸው። ሁለት ሰው። ያኔ አንዲት 2 ልጆች ያሏት እናት የምታገኘው 170 ዶላር እንደነበር አትርሱ።

ግዛቲቱ ከላይ ድሃውን ስትፈትሽ ከሥር ምን ይሆን ነበር? በ2020 መጀመሪያ ላይ የግዛቲቱ ኦዲተር ሻድ ዋይት ሰዎችን አሰሩ። ለድሃ ቤተሰቦች ከተላከው ገንዘብ ቢያንስ 77 ሚሊዮን ዶላር ላልተገባ ነገር እንደዋለ ከጊዜ በኋላ በምርመራ ወጣ። ለዩኒቨርሲቲ የመረብ ኳስ አዳራሽ ወጥቷል። ለታዋቂ ስፖርተኛ ወጥቷል። የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ጆን ዴቪስ በ2022 ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል።

ከሁሉም ግን አንዷ አትረሳኝም። አንድ የቀድሞ የነፃ ትግል ተፋላሚ ስለ ዕፅ ሱስ ሥልጠና እንዲሰጥ ተብሎ ከዚሁ ገንዘብ ተከፈለው። ሥልጠናውን አልሰጠም። የት ነበር? ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ፣ ሀብታሞች የሚታከሙበት የሱስ ማገገሚያ ውስጥ። የማገገሚያውም ወጪ 160,000 ዶላር የተከፈለው ከድሃው ገንዘብ ነው። እኔ ሰውዬው ለምን ታከመ አልልም። ሱስ በሽታ ነው፣ እሰይ ታከመ። ግን 160,000ን ለ170 አካፍሉት። የአንዲት እናት የ78 ዓመት እርዳታ ነው። ለአንዱ የባሕር ዳር ሕክምና፣ ለሌላዋ ኩባያ። አባቶች አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ያሉት ለካ ለዚህም ይሆናል።

ይህን ሁሉ ይዤ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጓደኛዬ ተመለስኩ። ሰማኝ። ከዚያ «እሺ፣ ግን የእኔን አልመለስክልኝም» አለ። ልክ ነው፣ አልመለስኩለትም ነበር።

የእሱን ምርመራ እንየው። ትራክ ነጂ እንዲመረመር ኮንግረስ በ1991 በሕግ ደንግጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን ብረት በሀይዌይ ላይ የሚነዳ ሰው ቢደነዝዝ የሚሞተው እሱ ብቻ አይደለም። ሲቀጠር ይመረመራል፣ በዕጣ ይመረመራል፣ አደጋ ካደረሰ ይመረመራል። የሚፈለገው ነገር ከሥራው ጋር ይገናኛል። ለዕጣው ሲጠራም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ቢወድቅስ? ከመሪው ይነሳል፣ የሱስ ባለሙያ ያየዋል፣ የተባለውን ሕክምና ወይም ትምህርት ይጨርሳል፣ ዳግም ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ወደ መንገዱ የሚመለስበት በር አለው። ከባድ ነው፣ ስም ያስጠፋል፤ ግን በሩ አልተዘጋም። «የምትፈልገው እኩልነት ከሆነ ያንኑ በር ለእነሱም ስጣቸው» አልኩት።

ሌላም ነገር አለ። እሱ ሲወድቅ የሚቀጣው ራሱ ነው። ታንፍ ላይ ካሉት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። በብዙ ቤት ወላጁ ምንም አይቀበልም፣ የሚረዳው ልጁ ብቻ ነው። ሕጎቹ የልጁ ድርሻ በሌላ ሰው በኩል ይድረስ ይላሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ድስት እየተበላ የእናት ድርሻ ተቀንሶ የልጅ ድርሻ የሚተርፈው እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አላስረዳኝም።

ለሥራ አጥ ክፍያ የተሻለ ክርክር አለ እላለሁ። ኮንግረስ በ2012 ያወጣው ሕግ ግዛቶች በዕፅ ምክንያት ከሥራ የተባረረን፣ ወይም ሥራው ራሱ ምርመራ የሚጠይቅበትን ሰው እንዲመረምሩ ይፈቅዳል። ትራክ ነጂ ነኝ፣ ትራክ ሥራ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ያንን ምርመራ ማለፍ አለበት ቢባል ቢያንስ ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል። ማንን እንደሚነካ ሲያከራክር ግን ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ የማልኮም ተርንቡል መንግሥት በ2017 በ3 ቦታ 5,000 አዲስ ሥራ ፈላጊ ተረጂዎችን ለመመርመር አቀደ፤ ሲድኒ ውስጥ ካንተርበሪ ባንክስታውን፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሎጋን፣ በምዕራብ ደግሞ ማንዱራ። ቦታውን ለመምረጥ የፍሳሽ ውኃ ምርመራ ውጤት ጭምር ታይቷል። ሰፈሩ ሳያውቅ አስቀድሞ ሸንቷል ማለት ነው። የወደቀው ሰው አብዛኛው ገንዘቡ በካርድ ብቻ ይሰጠው፣ ደግሞ ከወደቀ ወደ ሕክምና ይላክ ተባለ። የአገሪቱ ሐኪሞች ማኅበራት ተቃወሙ። ሱስ ያለበትን ሰው ገንዘቡን በመያዝ አታክሙትም፣ ደግሞ ሕክምና ፈልጎ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶ ሳለ ሳይፈልግ የሚላከውን የት ልታስገቡት ነው አሉ። ሴኔቱ አላሳልፍም አለ። በ2018ም በ2019ም ተመልሶ መጣ። አላለፈም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ የወግ አጥባቂዎች ሐሳብ ነው እል ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ አሳፈረችኝ። በ2023 በከተማዋ ከመጠን ባለፈ ዕፅ የሞተው ሰው ከ800 በላይ ነው፤ ዋናው ገዳይ ፈንታኒል የሚባለው ብርቱ ዕፅ ነው። በማርች 2024 የያኔዋ ከንቲባ ለንደን ብሪድ የደገፉት ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ከ100 መራጭ 58ቱ ገደማ እሺ አሉ። በጃንዋሪ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ከከተማው የጥሬ ገንዘብ እርዳታ የሚቀበል፣ ልጅ የማያሳድግ አዋቂ ዕፅ ይጠቀማል የሚል ጥርጣሬ ካለ ባለሙያ ያየዋል። ተጠቃሚ ከሆነ በነፃ ሕክምና ይመዘገባል። አልፈልግም ካለ ገንዘቡ ይቆማል።

ይህ ከፍሎሪዳው ይለያል፤ ልዩነቱን ላለማየት ዓይኔን አልጨፍንም። ልጆች የሉበትም። ሁሉም ሰው ኩባያ አይሰጠውም። ንጹሕ ሁን አይባልም፣ ታከም ነው የሚባለው። ቤት ኪራዩ ያንኑ ቀን ተቋርጦ መንገድ ላይ እንዳይወድቅም ታስቦበታል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ቤት የሌለው ሰው ከዚህ እርዳታ በወር የሚያገኘው ከ100 ዶላር ብዙም አይበልጥም። ያቺ ብር ስትቀር ፈንታኒል የያዘው ሰው መጠቀሙን ይተዋል ወይስ ከከተማው ሠራተኛ ይሸሻል? በየወሩ አንድ መስኮት ላይ ይመጣ የነበረ ሰው፣ አንድ ነርስ ልታየው ትችል የነበረ ሰው፣ መምጣቱን ይተዋል። የምርመራው ጉዳይ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። ፍሎሪዳም ሚሲሲፒም የቆጠሩት ስንት ሰው እንደወደቀ ነው። ስንት ሰው ድኖ ወጣ ብሎ የቆጠረ መዝገብ ስፈልግ ግን ያገኘሁት ትንሽ ነው። ዩታ ቢያንስ የወደቀውን ወዲያው ከማባረር ይልቅ ታከም ትላለች፤ ከሁሉም እሷን እመርጣለሁ።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ለልጆቹ እንኳ ይሁን» አለና ስልኩን ማየት ጀመረ። ግማሹን አሳምኜዋለሁ መሰለኝ። በፊት «አፍህ ቁርጥ ይበል» ያሉት ጋሼ ግን ቡናቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ጫት በዚህ ምርመራ ይወጣል እንዴ?» አሉኝ።

የተለመደው ምርመራ 5 ነገር ነው የሚፈልገው፤ ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ከኦፒየም የሚመጡትን፣ ፒሲፒ። ጫትን ፈልጎ አልተሠራም። በፌዴራል ሕግ ግን ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ወደ ኋላ አሉና ሲኒያቸውን አነሱ። «መጀመሪያውኑም ሰው ቤት ገብቶ ሽንት መጠየቅ ነውር ነው» አሉ።